ዋሻው የጠበበው ፉርጎ

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርሽ ወገብ ተሻለሽ? በደንብ ትበያለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ብርዱ ለቀቅ አደረገሽ ወይስ አሁንም ሁለት ካልሲ ደርበሽ ነው የምትተኚው? እኛ እንደምታውቂው አንድ ሰው ጎድሎብን ደህና ነን። «ከናፍቆትሽ በስተቀር» የሚባለውን አልጽፍልሽም፤ እሱን ማንም ይጽፈዋል። የኔ ናፍቆት መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣኝ የላክሽው ፉርጎ የደረሰ ዕለት ነው። ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽ።

በስልክ ሁልጊዜ «ደህና ነን» ብለን ስለምንዘጋ ያልሰማሽው ብዙ ነው። ኢንጂነሩ ወንድማችን ገና ሳይታመም አንቺ ክፍል ውስጥ የመጫወቻ ባቡር መንገድ መሥራት ጀምሮ ነበር። ጓሮ ወድቆ የነበረውን አሮጌ በር አስገብቶ አልጋሽ ላይ ሲያጋድመው እማዬ ልጄ ስትመጣ የት ልትተኛ ነው ብላ ተቆጣችው። እሱም በባቡር ስለምትመጣ እዚያው ውስጥ ትተኛለች አላት። መሳቅ አልፈለገችም ነበር፤ ግን አመለጣት።

ሐዲዱን ከመዘርጋታችን በፊት በሩ ላይ በጠመኔ ስንስልና ስናጠፋ ከረምን። እኔ ክብ ይሁን፣ ባቡሩ ሳያቋርጥ ይዙር ባይ ነበርኩ። እሱ ደግሞ «ዞሮ ዞሮ እዚያው ከሆነ ምኑን ሄደው?» ብሎ ሁለት ጣቢያ አደረገው። በእጀታው በኩል ያለው የኛ ነው፤ በማጠፊያው በኩል ያለው ያንቺ። መሐሉ ላይ ተራራ፣ በተራራው ውስጥ ጠመዝማዛ ዋሻ። ሎኮሞቲቩንና ሁለቱን አጫጭር የዕቃ ፉርጎዎች ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች አገኘናቸው። ሣሩ አባዬ ከሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም የተረፈ አረንጓዴ ቁራጭ ነው፤ በመቀስ አድቅቆ ሙጫ ላይ በወንፊት ነሰነሰልን። ሽቦውን የቀጠሉልን ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ናቸው። ቶሎ ስለሚቃጠሉ በሌሉበት ፊውዝ እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊትማ ጋሼ ናቸው። «የናንተን ቤት አምፖል እንኳ ገና አልቀየርኩ፣ ባቡር አስነሣ ትሉኛላችሁ» እያሉ ቀጠሉት።

ኢንጂነሩ ተራራውን ሲሠራ ግን ሕመሙ ጠንቶበት መቆም አቅቶት ነበር። ትራስ ተደግፎ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየነከረ በወንፊት ሽቦ ላይ ይለጥፋል። በብሩሽ አድርገው ስለው በእጄ ይሻለኛል ይላል። አንድ ቀን አባዬ እንደ ልብስ ሰፊ ወጉ «ኧረ ቀስ በል ልጄ፣ አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» ቢለው፣ «አሥር ጊዜ የሚለካማ ጊዜ ያለው ነው» አለው። አባዬ ወጥቶ ሄደ። ያን ቀን መኪናው ሲሰፋ አልሰማሁም።

የመንገደኛ ፉርጎ ላኪልኝ ብሎ የለመነሽ ያን ሰሞን ነው። አንቺም ፈልገሽ፣ ሰው ለምነሽ ላክሽለት። የደረሰው ግን ከቀበርነው በኋላ ነው፤ ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እታለም፣ እንዴት ያምራል! መስኮቶቹ ውስጥ ወንበሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። አንቺ ጣቢያ ላይ አቆምኩትና ከሎኮሞቲቩ ጋር ቀጠልኩት። እማዬና አባዬ በር ላይ ቆመው ያያሉ። ተነሣ፣ ዋሻው ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ድምፁ ቆመ። ጠበቅን፤ አልወጣም።

እጄን ከትቼ ስዳስስ ገባኝ። ረጅም ፉርጎ በመታጠፊያ ሲያልፍ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ኢንጂነሩ ደግሞ የለካው ባጫጭሮቹ ነው። ግድግዳውን ሁለት ጣት ያህል መቁረጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቢላ ይዤ ስመለስ እማዬ እጄን ያዘችኝ።

«የልጄን እጅ አትቁረጥብኝ» አለች።

እውነቷን ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ሙጫው የጣቶቹን መስመር እንደያዘ ደርቋል። ለካ እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ገብታ ትዳስሰዋለች። እህትህ ለቀብሩ እንኳ አልደረሰች፣ የእጁን ሥራ እንዳለ ትየው ብላ አንሶላ አለበሰችው። ጋሼ በአንድ ሰዓት ቆርጠን እንለጥፈዋለን ቢሏት ፊቷን አጠቆረችባቸውና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። እኔም አፌን አልያዝኩም፤ እሱ የሠራው እንዲሄድ እንጂ እንዲለቀስበት አይደለም አልኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ አንሶላው ተገልጧል። አባዬ በልብስ ሜትሩ ለክቶ፣ ተራራው ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔው ቀጭን መስመር አስምሯል። እማዬ አይታዋለች፤ አላጠፋችውም። ማታ እራት ስታቀርብ «ለእህትህ ጻፍላት። እሷ ያለችው ይሁን» አለችኝ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ፈቃድሽን ልጠይቅሽ ነበር። ቁረጥ ካልሽ እማዬ እሺ ትላለች። ግን እዚህ ድረስ ስጽፍ ፉርጎው ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ አንቺ ጣቢያ ላይ፣ ባዶውን። ብቻዬን ቆርጬ ባሳልፈው፣ እኛ ጣቢያ ሲደርስ ማን ሊወርድ ነው? እኔና እሱ እንሠራው የነበረው ለዚያ አልነበረም። እታለም፣ ቁረጥ ብለሽ አትጻፊልኝ። ከሥራ አይለቁኝም እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ለሳምንትም ቢሆን ለምኛቸው። መጀመሪያ እጅሽን ከተሽ የጣቶቹን መስመር ዳስሺ፤ ከዚያ ራስሽ ቁረጪው። እኔ ባቡሩን አስነሣለሁ።

አባዬ ሰላም ብሎሻል፤ ኮት ሊሰፋልሽ የትከሻሽን ልክ ላኪ ይላል። ጋሼም ሰላም ብለውሻል፤ ከእማዬ ጋር ታርቀዋል፣ ዛሬ ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው ነው የሄዱት። እማዬ ምን እንደጻፍኩልሽ አልጠየቀችኝም። ሰላም በልልኝ ብላ ወጣችና ከደጅ ተመልሳ «መንገዱ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለችኝ። የደብዳቤውን ይሁን ያንቺን አላወቅሁም፤ አልጠየቅኋትም።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ካንቺ ክፍል፣ የካቲት ፱ ቀን