ሰላምታ የሚሰጠው ፕሮግራም

ማክሰኞ፣ ጥር 14

የፕሮግራሚንግ ውጤት ዛሬ አስገባሁ። አርባ ሁለት ተማሪ፤ ሠላሳ ዘጠኙ አለፉ፣ ሦስቱ ወደቁ። ሁለቱ በፈተናው ቀን አልመጡም። ሦስተኛዋ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማው ዝምተኛዋ ልጅ ናት። ዜሮ።

አራሚው ፕሮግራሜ ሁሉንም በሦስት ደቂቃ ጨረሰ። አምና ይሄው ሥራ ሁለት ቅዳሜ በልቶብኝ ነበር። መምህራን ክፍል ውስጥ ትንሽ ተኩራራሁ... ትንሽ? የፊዚክሱ መምህር «አንቺማ ከእንግዲህ እግርሽን ዘርግተሽ መዋል ነው» አለኝ። ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ዜሮዋን ነገርኳት። ኮሪደር ላይ፣ ሊደወል ሲል። መሬት መሬት እያየች ሰማችኝ።

«ቲቸር፣ ከፍተው አዩት?»

«አራሚው አይቶታል» አልኳት።

«እሺ» ብላ ሄደች።

የወደቀ ከኮምፒውተር ክፍል ይወጣል፣ ደንቡ ነው። ወደ ሌላ ክፍል የሚያዛውረውን ቅጽ ወላጅ ፈርሞ እስከ አርብ ጥር 24 ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ወንበሯ ለሌላ ይሰጣል።

አራሚው አይቶታል... ምን ማለቴ ነበር?

ሐሙስ፣ ጥር 16

ከፈትኩት።

ፈተናው ቀላል ነው። ተጠቃሚው ዜሮ እስኪጽፍ ድረስ ቁጥር ተቀበል፣ ደምር፣ ድምሩን አሳይ። አራሚዬ ቁጥሮች ያስገባና የሚወጣውን ከእኔ መልስ ጋር ያስተያያል። እኔ 47 ካልኩ፣ 47 ነው። ሌላ አንዲት ፊደል ብትጨመር አይቀበልም።

የእሷ ሲነሳ እንዲህ አለኝ፦ «እንደምን ዋሉ። ልኬቱን አንድ በአንድ ይጻፉ። ሲጨርሱ ዜሮ ይጻፉ።»

ጻፍኩ። መሐል ላይ ሆን ብዬ በቁጥር ፈንታ ፊደል ነካሁ። እስካሁን የማውቀው የተማሪ ፕሮግራም ሁሉ እዚህች ላይ በቀይ ጽሑፍ ተንጫጭቶ ይቆማል። የእሷ ግን፦ «አይጨነቁ፣ ምንም አልተበላሸም። እንደገና ይጻፉ።»

መጨረሻ ላይ፦ «ድምሩ 47 ነው። ደክመዋል፣ ትንሽ ይረፉ።»

47። ትክክል። ከመልሱ በፊት ሰላም ስላለ ነው ዜሮ የተሰጠው። በማሽኑም ማላከክ አልችልም፤ አራሚውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ደግሜ አስነሳሁት። ለማጣራት አይደለም... እንዲያው ይረፉ እንዲለኝ።

አርብ፣ ጥር 17

«ለማን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አልኳት።

«ለአባባ።»

አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ልኬት ሲደምሩ ዓይናቸው እየደከመ ይሳሳታሉ። ባለፈው የደንበኛ ሱሪ አንድ ስንዝር አጥሮ ወጣ። የስልክ ማስያ ሲሰጧቸው ደግሞ እንዳያበላሹት እጃቸውን ይሰበስባሉ።

«ማሽን ይፈራሉ፣ ቲቸር። መጀመሪያ ሰላም ቢላቸው ብዬ...»

«ረቡዕ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቸኩለው ነበር።»

ልክ ናት። ቸኩዬ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

የአርባውንም ሥራ በዓይኔ ማንበብ ጀመርኩ። እህቴ ከሆስፒታል ተረኝነቷን ጨርሳ ገባች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ አፈጠጠችብኝ።

«ይሄን ሥራ ማሽኑ ጨርሶት አልነበር እንዴ?»

ነገርኳት። ሳቀችብኝ፣ እስኪበቃት።

«ያን ሁሉ ጉራ ነዝተሽ! እኛ ጋ ቴርሞሜትሩ ደህና ነው ቢልም በሽተኛውን ቀና ብለን እናያለን፣ እህትዓለም።»

ከዚያ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

ወደ መጨረሻው ላይ ጠበቃው መጣ። በሁሉ ነገር ስለሚከራከር ልጆቹ ያወጡለት ስም ነው። መቶ ከመቶ አግኝቷል። ፕሮግራሙ ግን ምንም አይደምርም! ሰሌዳ ላይ የሰጠኋቸውን የሦስቱን ምሳሌዎች መልስ ቁጭ አድርጎታል። የመጀመሪያው ቁጥር 12 ከሆነ 47 በል... በቃ። አራሚዬ የተጠቀመውም እነዚያኑ ምሳሌዎች ነው። አዲስ ቁጥር ማሰብ ሰንፌ።

ሰኞ፣ ጥር 20

ጠበቃውን ጠየቅኩት።

«ቲቸር፣ መልሱ ልክ ነው አይደል?»

«ልክ ነው።»

«ታዲያ?»

«ሌላ ቁጥር ብሰጠውስ?»

«እሱን አልጠየቁም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከመሳቅ ለጥቂት ነው ያመለጥኩት።

«እንግዲህ አሁን ጠየቅኩህ።»

አሰበ። አንገቱን አከከ። «ይግባኝ እጠይቃለሁ።»

«ይግባኝህን የሚደምር አድርገህ ጻፈውና አምጣ።»

ከሰዓት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙኝ።

«መዝገቡ ተዘግቷል፣ እህቴ። የሚከፈተው መምህሩ ጥፋቴ ነው ብሎ በጽሑፍ ካመለከተ፣ ኮሚቴውም ከተስማማ ነው። ማመልከቻው ደግሞ ፋይልሽ ውስጥ ይቀራል። በአንዲት ልጅ ምክንያት?»

«በሁለት ልጆች። የአንዷ ውጤት ከፍ ይላል፣ የአንዱ ይወርዳል።»

«የሚወርደው ልጅ ወላጅስ ቢመጣ?»

«አስረዳዋለሁ።»

«እስቲ እደሪበት» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

አደርኩበት። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። በመጀመሪያው ላይ ጥፋቱን በሙሉ ለፕሮግራሙ ሰጥቼው ነበር። አራተኛው አራት መስመር ነው። «ሥራዎቹን ሳላነብ አርሜያለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ» ይላል። አስገባሁት።

ረቡዕ፣ ጥር 22

አባቷ መጡ። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ፣ ቅጹ እጃቸው ላይ። አልፈረሙም።

«ልጄ አላጠፋሁም ትላለች። ውሸት አታውቅም። እርስዎንም መጠርጠር ከበደኝ፤ ፊት ለፊት ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ» አልኳቸው። ለኮሚቴው እንዳመለከትኩም ነገርኳቸው። ማሽን ፊት አስቀመጥኳቸው።

«ኧረ እንዳላበላሸው...»

«አይበላሽም፣ አባባ» አለች ልጅቷ ከኋላቸው።

ፕሮግራሙን አስነሳሁት። እንደምን ዋሉ የሚለውን ፊደል በፊደል፣ ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡ። ከዚያ ከወንበሩ ብድግ ብለው ጎንበስ አሉና፦

«እግዚአብሔር ይመስገን!»

ማንም አልሳቀም። በአንድ ጣት ልኬት አስገቡ። አንዴ ተሳስተው ፊደል ነኩና ደነገጡ። አይጨነቁ አላቸው፤ ትከሻቸው ወረደ። ድምሩን በጣታቸው ቆጥረው አመሳከሩት። ገጠመ። ደክመዋል የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ።

«ይሄን ማን ነገረው?»

«እኔ።»

ከዚያ ቅጹን አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«እስኪወሰን እኔ ጋ ይቆይ» አሉኝ። «ከተፈረደባት እፈርማለሁ። ምን ምርጫ አለኝ?»

ሐሙስ፣ ጥር 23

ጠበቃው ይግባኙን ይዞ መጣ። ይደምራል። ፊደል ስነካበት ግን ተንጫጭቶ ቆመ። ተናዶ እስከ ዝምተኛዋ ልጅ ወንበር ድረስ ሄደ። «አንቺ፣ እንዴት አድርገሽ ነው ያረጋጋሽው?» ሁለቱም አንድ ማሽን ላይ እንዳቀረቀሩ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ስታስረዳ ድምፅ አላት ለካ። ቀጭን፣ ግን የማይቸኩል።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ቲቸር፣ ኮሚቴው እምቢ ቢልስ?»

ያልፋል፣ አይዞሽ ልላት አፌን ከፈትኩ... ከየት አምጥቼ?

«አላውቅም» አልኳት። ለተማሪ እንዲህ ብዬ መልሼ የማውቅ አይመስለኝም።

ራሷን ነቀነቀች። አብረን ደረጃውን ወረድን።

ኮሚቴው ነገ በአራት ሰዓት ይሰበሰባል። አምስት ሰዎች ናቸው። ሦስት ድምፅ ይበቃል።