በአጥሩ ላይ በር እንዲተውልን

ቀን፦ ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ለባቡር መስመር ግንባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የባቡር መስመሩ የምዕራፍ ሁለት አጥር ተበይዶ ከማለቁ በፊት በገበያችን መሐል ደረጃ የሌለው መተላለፊያ በር እንዲተውልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ዛሬ ጠዋት ሱቄ የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ የመስኮት ልክ ይዞ መጥቶ፣ መንገዱ ሊዘጋ መሆኑን ሲሰማ እስቲ ላስብበት ብሎ ወጣ። አንዷ አጥሩ መቼ እንደሚደርስ ጠየቀችኝ። ሦስተኛው ፀሐይ ሸሽቶ ነው የቆመው። የተሸጠ የለም። ይህን የምጽፈው ላሳዝንዎት ሳይሆን፣ አጥሩ ገና ጥቂት ሱቆች ሲቀሩት ገበያው ምን እንደሚመስል እንዲያውቁት ነው።

1. መስታወት ነጋዴ ነኝ። ደንበኞቼ የሚበዙት አጥሩ ለሁለት ከሚከፍለው መንገድ ማዶ፣ ከአናጺዎቹና ከበር ሠሪዎቹ በኩል ነው። ትልቅ መስታወት አጋድመው አይሸከሙትም፤ በራሱ ክብደት ይሰነጠቃል። በጠርዙ አቁመው ሁለት ሰዎች ይይዙታል። ከፊት ያለው መንገዱን ያያል፣ ከኋላ ያለው መስታወቱን ያያል፤ እየተጠራሩ ይሄዳሉ። ደረጃ ላይ ይህ አይሆንም። ደረጃው የሚታጠፍ ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም።

2. ምዕራፍ አንድ ያለፈው በታላቅ እህቴ ሱቅ ደጃፍ ነው። እሷም መስታወት ነጋዴ ነበረች፤ ሙያውን ያስያዘችኝ እሷ ናት። መንገዷ ሲታጠር ለመሻገሪያ የተሠራው ድልድይ ደረጃው መሐል ላይ ይታጠፋል። ደንበኞቿ ሲቀሩባት ዕቃውን ራሷ ልታደርስላቸው ተነሣች። መታጠፊያው ላይ ከፊት የያዘው ተሸካሚ ሲዞር መስታወቱ ከድልድዩ መደገፊያ ብረት ጋር ተጋጭቶ እጃቸው ላይ ተሰነጠቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ይለቅ ነበር። በእኛ ሙያ ግን ታች ሰው ካለ አይለቀቅም፤ ታች ደግሞ ሰዎች እየወጡ ነበር። እህቴ አልለቀቀችም። ከዚያ ወዲህ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ሱቋን ዘግታ እኔ ጋ ትውላለች።

3. አምና ጽሕፈት ቤትዎ ከምዕራፍ አንድ ችግሮች ትምህርት ለመውሰድ ጥናት ሲያስጠና እኛንም ጠርቶ ነበር። እህቴ ሄዳ የደረሰባትን ተናገረች። ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ ነገሯ ገብቶበታል፦ ሸክም በሚበዛበት ገበያ፣ ጠባቂ የሚከፍተውና የሚዘጋው ደረጃ የሌለው በር በአጥሩ ላይ ይተው ይላል። ሳነበው ደስ አለኝ። የጻፈው ማንም ይሁን ማን ሰምቶናል።

4. የምዕራፍ ሁለት ንድፍ እኛ ሰፈር ሲለጠፍ ግን በሩ የለም። ድልድዩ ያው ነው፤ መታጠፊያውም ያው ነው። ተረስቶ መስሎኝ ወደ ጥናት ክፍሉ ሄድኩ። ባለሙያው ትሑት ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ገጹን ገልጬ አሳየሁት።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ነው» አለኝ።

የእኛስ የሚቀጥለው አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«አይደለም። የእናንተ የዚያው ፕሮጀክት ሁለተኛ ምዕራፍ ነው። ውሉ የተፈረመው ትምህርቱ ሳይወሰድ በፊት ነው።»

በሩ እንዲገባ ውሉ መሻሻል አለበት፤ ውሉ እስኪሻሻል ሥራው ይቆማል፤ ሥራው ከቆመ ይዘገያል፤ መዘግየት ደግሞ ጥናቱ ካነሣቸው ችግሮች የመጀመሪያው ነው አለኝ። ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ የሚያየው ጠረጴዛውን ነበር። አልተቀየምኩትም።

ለእህቴ ስነግራት «እኔ የተማሩብኝ ነኝ፤ አንቺ ደግሞ የሚከልሱብሽ ነሽ» አለችኝ። ሳቅን። 

5. የምጠይቀው ካሳ አይደለም። መስመሩም ይቅር አልልም፤ ባቡሩ ሥራ ሲጀምር እኔም እሳፈርበታለሁ። የምለምነው ሁለት ሰዎች መስታወት ይዘው የሚያልፉበት አንድ በር ነው። ብየዳው እኛ ጋ ሳይደርስ ቢወሰን፣ በሁለት ምሰሶዎች መሐል ያለውን መረብ ሳይበይዱ መተው ብቻ ነው። አንዴ ተበይዶ ርክክብ ከተደረገ በኋላ እርስዎም ቢሆኑ ማስከፈት እንደማይችሉ ባለሙያው ነግሮኛል።

መልሱ ምን ሊሆን እንደሚችል ሳልገምት ቀርቼ አይደለም የምጽፈው። በዚህ አካሄድ ሱቄ እንደ እህቴ ሱቅ ይዘጋል። ያን ጊዜ ሌላ ጥናት ይጠናል፤ እኔም ተጠርቼ እናገራለሁ። አስቀድሞ አልተነገረንም እንዳይባል ግን ይህ ወረቀት መዝገብ ቤትዎ ይቀመጥልኝ።

ነገ ጠዋት አቤቱታውን ለመዝገብ ቤት አስገብቼ እመለሳለሁ። ከዚያ መንገዱ ክፍት ሳለ ትልልቆቹን መስታወቶች ወደ ማዶ፣ ወደ አንድ ደንበኛዬ አናጺ ግቢ እናሻግራለን። እህቴ በደህና እጇ ከፊት ትይዛለች፤ ከኋላ እኔ አለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣
(ፊርማ)
የመስታወት ሱቁ ባለቤት