የአማቴ ጉርሻና የእኔ መንጋጋ

ሰኞ

ዛሬም ጉርሻቸውን መለስኩ። ከአገር ቤት ሊጠይቁን የመጡት አማቴ እማማ በላይነሽ እንጀራውን በቀይ ወጥ ጠቅልለው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው «በሞቴ» ሲሉኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠግቤያለሁ አልኩ። ማን ያምናል? ከሥራ ገብቼ ገና መቀመጤ ነበር። ጉርሻው አየር ላይ ቆየና ትሪው ላይ ተመለሰ። እሳቸውም መብላት አቆሙ።

እውነቱ አፌ አይከፈትም። ቀኝ ጆሮዬ ሥር ያመኛል፣ ሳዛጋ ቀጭ ይላል፣ ጠዋት ስነሳ ራሴን ይፈልጠኛል። የእሳቸው ጉርሻ ደግሞ የዋዛ አይደለም፣ ጡጫ ያክላል።

ልንገራቸው ብል ሰለሞን አይሆንም አለ። ባሌ እናቱን ክፉ ወሬ አያሰማም፣ ደማቸው ከፍ ይላል። አጎቱ የታመሙ ጊዜ እንኳ የነገራቸው ከዳኑ በኋላ ነው። እስኪሄዱ ቻይው አለኝ፣ እሺ አልኩ። እኔም ያደግኩት እንዲሁ ነው፤ ለትልቅ ሰው ሕመም አይነገርም።

ማክሰኞ

ጆሮዬ ነው ብዬ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ቼክ አደረገችና ጆሮሽ ደህና ነው፣ ግን ምንድነው የሚሸተው አለች። ነጭ ሽንኩርት ነዋ! ትናንት በዘይት አሙቄ ጠብ አድርጌበታለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጣቶቿን ከጆሮዬ ፊት አድርጋ ክፈቺ፣ ዝጊ አለችኝ። ስከፍት አገጬ ወደ ቀኝ ይጣመማል። እስከ ዛሬ መስታወት ፊት ቆሜ አላየሁትም። ጆሮ ሳይሆን የመንጋጋ መገጣጠሚያ ነው፣ የጥርስ ሐኪም ይይሽ አለች። ቶሎ ቀጠሮ የተገኘው ከተማውን አቋርጦ፣ ሌክውድ ነው። ለሐሙስ ቡክ አደረግኩ።

ረቡዕ

ጉርሻ ቀረልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሰለሞንን አጎረሱት፣ ደገሙት፣ ከዚያ እጃቸው እኔን አልፎ ውሃቸውን አነሳ። እንዲህ ያምማል ብዬ አላሰብኩም።

ሳህን ሳጥብ ሳሎን የሚያወሩት ተሰማኝ። ቲኬቱን እንዲያስቀይርላቸው ይለምኑታል። እስከ መስከረም ሊቆዩ ነበር እኮ የመጡት! «ልጄ፣ ምራቴ አልወደደችኝም። እጄን የምትጸየፍ ሰው ቤት አልከርምም።»

እጃቸውን የምጸየፍ እኔ። ሰለሞን ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? ደክሟት ነው። የእኔስ አፍ አልከፈት ብሎ ነው፤ የእሱን ምን ያዘው?

ሐሙስ

ከምንኖርበት ከኦሮራ ሌክውድ ድረስ በዚያ ሁሉ መኪና መሀል ነዳሁ። የጥርስ ሐኪሙ የማይቸኩል ሰው ነው። ጉንጬንና ጆሮ ግንዴን ጫን ሲያደርግ ጮህኩ። አፌን በማስመሪያ ለካ። ሦስት ጣት መግባት ነበረበት፣ የእኔ ሁለት እንኳ አላስገባ አለ። ማስቲካ ታኝኪያለሽ ወይ አለኝ። ሽፍቴ ንጋት ላይ ስለሆነ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ማስቲካ ከአፌ አይጠፋም። ሥራሽስ ሲል አየር ማረፊያ በዊልቸር መንገደኛ እገፋለሁ አልኩ። እስቲ አገፋፍሽን አሳዪኝ አለ። ወንበሩን ይዤ ገፋሁ፣ ጥርሴ ግጥም። ሁለታችንም ሳቅን፣ እኔ እያመመኝ።

ማስቲካና ቆሎ ቀረ። ለስላሳ ምግብ፣ ትንንሽ ጉርሻ (ይሄንን ለእማማ ንገርልኝ!)። እርጥብ ሙቅ ጨርቅ ጉንጬ ላይ። ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ግን አይነካካ። ስተኛ ጥርሴ ላይ የማጠልቀው ፕላስቲክ በልኬ ይሠራልኛል። ቀዶ ጥገና ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አብዛኛው ሰው ያለዚያ ይሻለዋል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል፤ ተቆልፎ አልላቀቅ ካለሽ ሳትቆዪ ነይ አለኝ።

መኪና ውስጥ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ማልኩ። ቤት ስገባ ሻንጣቸው ከቁም ሳጥን ወጥቶ በሩ ጋ ቆሟል። እንደምን ዋሉ ብዬ ብቻ አለፍኩ። ፈሪ ነኝ።

ዓርብ

ከሥራ ስገባ ሰለሞን የለም። እማማ ሻንጣው አልዘጋ ብሏቸው ይታገላሉ፣ ለዘመድ የተገዛው ጫማ ሞልቶታል። ላግዝዎት አልኩ። እንዲሄዱልኝ የቸኮልኩ ነው የሚመስለው፣ ግን ምን ልበል? ላዩ ላይ ተንበርክኬ፣ ጥርሴን ግጥም አድርጌ ዚፑን ሳብኩት። ቀጭ አለ። እሳቸውም ሰሙት። አገጬ ደርቆ ቀረ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ምንሽ ነው? ምኑ ነው የተሰበረው?»

መናገር አልቻልኩም። እጃቸውን ይዤ ጆሮዬ ሥር አስነካኋቸው። ቀስ እያለ ሲላቀቅልኝ ሁሉንም ዘከዘክኩት፤ ጉርሻውን፣ ሐኪሙን፣ የሰለሞንን ምክር፣ ደማቸው ከፍ እንዳይል መፍራታችንን። አፌን አስከፍተው አዩኝ። በጣታቸው ለኩት። እንባዬን በመዳፋቸው ጠረጉና፦

«ብትነግሪኝ ለአንቺ አለቅስ ነበር። ብትደብቂኝ ደግሞ ለራሴ አለቀስኩ። ምን አተረፋችሁ?»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። ከዚያ ሻንጣውን መልሰው ከፈቱትና ከሥሩ አሮጌ ነጠላቸውን አወጡ። ሙቅ ውሃ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ጉንጬ ላይ ያዙልኝ። ዳማከሴ ቢኖር ኖሮ አሉ። ሰለሞን ሲመጣ ግን አልማሩትም፣ ቁጣቸውን ቆሞ ነው የተቀበለው። እኔም አላማለድኩም።

ቅዳሜ

አየር ማረፊያ ውስጥ መንገደኛ የሚያመላልሰው ባቡር በሩን በከፈተ ቁጥር ጥርሴን ላላቅቅ ወስኜ ነበር። ግማሹን ረሳሁት። ማስቲካ ግን አላኘክኩም፣ ሳዛጋ ዋልኩ። ሕመሙ አለ። ግራ ጆሮዬ ሥርም የጀመረኝ ይመስለኛል። ወይስ ፍርሃት ነው? እንጃ።

ለእራት ፍትፍት ሠሩልኝ፣ በጣም ያለዘቡት። ቆንጠር አድርገው አነሱ፣ አውራ ጣታቸውን እንኳ አያክልም። አፌ አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ። ዛሬም እምቢ እንዳልላቸው ፈርተዋል። አፌን የቻልኩትን ያህል ከፈትኩ። ገባ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙኝ፣ ሠለሱኝ። ሦስቱ ተደምረው የሰኞዋን አንዷን አይሞሉም። አለቀስኩ። ያመመኝ መስሏቸው ደነገጡ፤ አይደለም አልኳቸው።

ስለ ቲኬቱ ማንም አላነሳም። ሰለሞን ሊጠይቃቸው ፈራ፣ እኔም ፈራሁ። ሻንጣው ግን እንደተከፈተ ነው። ነጠላውን ነገም ላሙቅልሽ ብለው ወንበሩ ላይ አስጥተውታል።