ምንጩን ያሳጠረችው እናቴ

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17

ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው እጁን እንዲታጠብ ስትለምን የኖረችው ሐኪም እናቴ፣ ዛሬ ጎረቤላ ከተማ አዳራሽ ድምፅ ልትለምን ቆመች። ሽማግሌዎቹ ግን ለምርጫ ሳይሆን ለምርመራ የመጡ ነው የሚመስሉት። አንዱማ ገና ንግግሯን ሳትጀምር ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን አሳያት።

ከዚያ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ተነሡ። ከዘራቸው ከእሳቸው ቀድሞ ነው የሚቆጣው።

"ያን ጊዜ፣ በተቅማጡ ወቅት፣ ምንጫችንን በአጥር አሳጥረሽ የዘጋሽው አንቺ ነሽ አይደል? ሴቶቻችን ቁልቁለት ወርደው ውሃ ሲያመላልሱ ከረሙ።"

"ከላይ ታዝዤ ነው በዪ" እያልኩ በሆዴ ለመንኳት።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ውሃው ልጆች እየገደለ ነበር። ዛሬም ቢሆን አሳጥረዋለሁ።"

በቃ፣ ድምፁ ሁሉ ገደል ገባ አልኩ። ግን ዓይኔን ከእሷ ላይ መንቀል አቃተኝ። እኔ ብሆን ዋሽቼ ነበር።

ምሳ ላይ እጅ አስታጣቢዋ እኔ ነበርኩ። ጋሽ ደምሴ በየድግሱ የጣታቸውን ጫፍ ብቻ አርሰው የሚያልፉ ሰው ናቸው። ዛሬ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩና፣ ወደ እናቴ ሳያዩ፣ "ሳሙናው የታለ?" አሉኝ።

ይምረጧት አይምረጧት አልጠየቅኳቸውም። ማስታጠቢያው ባዶ እስኪሆን አፈሰስኩላቸው።