የጓዴ ሱፐር

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ባሌ ጓዴ ከሞጣ ተመለሰ። ጭኖ የሄደው ሽንኩርት፣ ይዞ የመጣው ጀሪካን። ደህና ዋልሽ ሳይለኝ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። አንቺም አሽትቺ አለኝ። ቤንዚን፣ ቤንዚን ይሸታል... ሌላ ምን ሊሸት?

«ሱፐር ነው» አለ፣ ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሞጣ መውጫ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ነው የሚሸጠው። ከማደያው በእጥፍ። ተራ ቤንዚን ሞተር ያቆሽሻል ብሎታል። ቤተሰቡ ተራ ሽሮ እየበላ፣ ለአሮጌ ፒክአፕ ሱፐር! ውጭ ካደረ ይሰረቃል ተብሎ ጀሪካኑ መኝታ ቤት ገባ። አሁን ትራሴም ሱፐር ሱፐር ይላል። አስጠላኝ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ጓዴ ለከተማችን ለቢቸና ሰው ምስክርነት እየሰጠ ነው። የደብረ ወርቅን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት ይላል። ባዶዋን ነበረች ስለው፣ ብትጫንም ያው ነው ይላል። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ኮፈኖ ይከፈታል፣ ሁሉም ቅኔ እንደሚሰማ ደቀ መዝሙር አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። ድምፁ ለሰለሰ ይላል ጓዴ። ለሰለሰ ይላሉ እነሱም። እኔ የምሰማው ያንኑ የድሮ ሳል ነው።

ለሙሐመድጣሂር ደወልኩ። ሞጣ መለዋወጫ የሚሸጥ የጓዴ የጥንት ወዳጅ ነው። ሳቀ።

«ወይንእሸት እህቴ፣ ሱፐር እኮ ሱፐር ለሚጠይቅ ሞተር ነው። የእናንተዋ በተራ ቤንዚን እንድትሄድ የተሠራች ናት። ሌላ ብትሰጧት ምን እንደሆነም አታውቀው። ደግሞስ እኔ እዚህ አገር ቀለም የገባበት ቤንዚን እንጂ ሱፐር አላየሁም።»

ለጓዴ ነገርኩት። ምቀኛ ነው አለ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ዛሬም ኮፈኖ ተከፈተ። ዛሬም ለሰለሰ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ነገ ትልቅ ቀን ነው። ልጄ ስጦታው ሞጣ ያለች አገሬ የምትባል ልጅ ወዷል። ነገ ሽማግሌ ይሄድለታል። አባቷን አቶ ፋንታን ሌላም ሰው ጠይቋቸዋል። የእናንተን እሑድ ጠዋት ልስማ፣ ከዚያ ወዲያ አልጠብቅም ብለዋል። ስጦታው እህል አልዘልቅ ብሎታል። እሱ ለማይሄድበት ጉዞ ሸሚዙን ተኩሷል፣ አንጀቴን በላው።

የሚሄዱት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ስንቄና ሁለት ጎረቤቶች፣ በጓዴ ደብል ጋቢና። ታዲያ ሱፐሩ አልቋል። ማደያው ቤንዚን አለው፤ ጓዴ ግን መሪጌታን የሚያህል ሰው በተራ ልጫን? ይላል። መሪጌታ ዕድሜያቸውን በበቅሎ የሄዱ ሰው ናቸው። በቅሎዋ ምን እንደበላች ጠይቀው አያውቁም።

ወደ ማታ ግን ፊቱ በራ። ስልኩ ላይ የሆነ ነገር አይቷል። ምን ይሆን? ደስታው አላማረኝም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

እንዴት አድርጌ ልጻፈው...

መኪናዋ ግንደ ወይን ስትደርስ ማሳል ጀመረች። ሞጣ መግቢያ ላይ ጭራሽ ቆመች። ሽማግሌዎቹ ወርደው ገፉ። እምቢ ስትል በእግራቸው ሄዱ። አቶ ፋንታ ደጅ የደረሱት ረፍዶ፣ አቧራ ለብሰው ነው። እንደ ወጉ ቆመው ጉዳያቸውን ሊናገሩ ሲሉ አቶ ፋንታ ጠጋ አሉ። አንዱን አሸተቱ። ሁለተኛውን። መሪጌታንም። የሁሉም ጋቢ አረቄ አረቄ ይላል።

«ልጄን የሚጠይቀኝ ሰው በእሑድ ምድር ጠጥቶ አይመጣም።»

በሩ ተዘጋ።

መሪጌታ ጠላ እንኳ የማይቀምሱ ሰው! ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ ዓይኔን ሳያዩ። እግራቸው ሥር ጀሪካን ነበር። መኪናዋ በዘለለች ቁጥር እየፈሰሰ ጋቢያቸውን አራሰው። አልሸተታችሁም? አልኩ። ሸትቷቸዋል። ግን እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን ጠርጥሮ በይሉኝታ ዝም አለ።

ጓዳ ገባሁ። ለልጄ ሠርግ ብዬ ያወጣሁት ዳግም አረቄ ከነጀሪካኑ የለም።

ጓዴ ምን ቢል ጥሩ ነው? ሱፐር ማለት አልኮል የገባበት ነው፣ ስልኩ ይላል። ግማሹን ከተራው ቤንዚን ጋር የመኪናዋ ነዳጅ መያዣ፣ ሰልባትዮው ውስጥ ቀላቅሎታል። ግማሹ ለመልስ ጉዞ ስንቅ ነበር።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ሙሐመድጣሂር ነዳጁን አስቀድቶ አስጥሏል። ሞተሩን ያነቀው አረቄው ውስጥ ያለው ውሃ ነው አለኝ በስልክ። ሽታው ሲወጣ ግን እሱም ሸሽቷል። «ጓዴ ወንድሜ፣ ይቺን ሰካራም ከሱቄ በር አንሣልኝ፣ ሰፈሩ ምን ይለኛል?» ብሎታል። መሳቅ አቃተኝ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ቢቸና ሽማግሌዎቹ ሰክረው ሄዱ እያለ ነው። መሪጌታ ከቤት አልወጡም፤ ተማሪዎቻቸው ያለ መምህር ይውላሉ። ስጦታው ከአባቱ ጋር ቃል አይለዋወጥም። አቶ ፋንታ ለሌላው ሰው መልስ ሳይሰጡ አንድ ነገር በል አልኩት ጓዴን።

«ለመኪና አረቄ አጠጣሁ ልበል? ያ ሁሉ ሰው ኮፈኖ ሥር ካዳመጠ በኋላ?»

በለው! የመሪጌታ ስም ይቆሽሽ፣ የልጁ ትዳር ይቅር፣ የጓዴ ሱፐር ብቻ ይከበር። እስከ ዛሬ ሽታው ነበር የሚያስጠላኝ። አሁን ሰውየው።

ይህንንም አልደበቅኩትም። ፊቱ ላይ ነገርኩት።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ጓዴ እስከ መሪጌታ አጥር ሄዶ ተመለሰ። አየሁት። እንዳላየ ሆንኩ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ዛሬ ገባ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ከመሪጌታ ጋር ሞጣ ሄዱ፣ በሚኒባስ። የሆነውን መሪጌታ ሲመለሱ ነገሩኝ።

ጓዴ አቶ ፋንታ ደጅ ላይ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመ፣ እንደ በዳይ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስበት ሰዓት ነው። መንደሩ ቆሞ ያያል።

«ሽማግሌዎቹ አልጠጡም። የጠጣችው መኪናዬ ናት፣ ያጠጣኋት እኔ ነኝ።»

አቶ ፋንታ ለምን ብለው ጠየቁ። ድንጋዩን እንደተሸከመ ሁሉንም ዘረዘረው፦ መነጽሩን፣ እጥፍ ዋጋውን፣ ስልኩን፣ ሱፐር ብሎ ነገር እንዳልነበረ፣ ቢኖርም ለዚያች መኪና እንደማይረባ። ሰው ሳቀበት። አላቆመም፣ ጨረሰው። አቶ ፋንታ ድንጋዩን አወረዱለት፣ የመሪጌታን ጉልበት ሳሙ።

«ሞኝነቱን በገዛ አፉ የሚናገር አማት ለልጄ አይከፋትም» አሉ።

ሠርጉ ለጥር ነው። ስጦታው ሰምቶ ወጥቶ ሮጠ፣ ወዴት እንደሆነ እንጃ።

ሞኝነቱንማ ከተጋባን ማግስት ጀምሮ አውቀዋለሁ። በገዛ አፉ ሲናገረው ግን ገና ዛሬ ነው። ኮራሁበት።