አማቷን የደፋች ምራት

ነቀምቴ፣ ሰኞ መጋቢት ፲፪ ቀን

ምራቴ ጫልቱ ዛሬ የአቼቶዬን እንስራ አጠበችው። ለፋሲካ ጠላ ልትጥልበት ነው። አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ፀሐይ ላይ ደፋችው። እንዴት ያለች ባለሙያ!

ሟች ባለቤቴ የበሰለ ማንጎ ልጣ፣ ውሃ ጨምራ፣ የእንስራውን አፍ በሻሽ አስራ ነበር አቼቶውን የምትጥለው። ጭማቂውን አቼቶ የሚያደርገው ላዩ ላይ የሚጋገረው ስልባቦት ነው። የአውራጃው ገዥ ሳይቀሩ ለሆዳቸው እየላኩ ያስወስዱ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ያንን ስልባቦት በየዓመቱ ማንጎ እየመገብኩ ያኖርኩት እኔ ነኝ። ከእጇ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።

ትናንት ጫልቱ፣ ልጆቿ አያታቸውን እንደሚጠሩት፣ «አካኮ፣ እንስራው ውስጥ የተጋገረው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አማትሽ ናት። ቀስ ብለሽ ክደኚያት፣ ትሰማሻለች።»

«እርስዎ ደግሞ፣ ቀልድ አያልቅብዎ!» ብላ ሳቀች።

ዛሬ «ውስጡ የነበረውን የት ደፋሽው?» አልኳት።

«ጓሮ፣ ሙዙ ሥር። ሻግቶ ነበር እኮ፣ አካኮ።»

«አማትሽን ነው የደፋሽው» ብላት አሁንም ሳቀች። ምን ታድርግ? ከሠርጓ ጀምሮ ቁም ነገር ነግሬያት አላውቅ።

ማታ ሁልጊዜ በአቼቶ የምበላውን ጎመን አቀረበችልኝ። ሳልጎርስ ስገላብጠው አይታ «ምን ጎደለው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቀልድ መለስኩላት፤ እሱም ውሸት ነበር።