አቶ ኤርጎ ያጠቧቸው ድንጋዮች

ጂንካ፣ ግንቦት 1979

ንጉሤ ወንድሜ፣

አውሮፕላኑን ዝናብ አስቀርቶት ለሦስተኛ ቀን እዚሁ ነኝ። ከገበያው በታች የከተማውን ፍሳሽ በድንጋይ ክምር ላይ እያሳለፉ ያጣሩታል። ድንጋዮቹን የለበሰው ዝልግልግ ነገር ባክቴሪያ ነው፤ የፍሳሹን ናይትሮጂን ወደ አየር ይለቀዋል። ያ ካልሆነ ሕፃናት የሚጠጡት ከታች ያለው የውሃ ጉድጓድ ይበከላል።

ትናንት ዘበኛው አቶ ኤርጎ እኔ እንግዳው ልጎበኝ እንደምመጣ ሲነገራቸው ድንጋዮቹን በአመድ ፈትገው አጠቧቸው።

«የአራት ወር ሥራዬን!» ብሎ ጮኸ ወንድሙ የሚባለው የማጣሪያው ባለሙያ።

«ታዲያ ለእንግዳ ቆሻሻ ላሳይ?»

ሚስታቸው አስካል ሳቁ። «አይ አንተ ሰውዬ! የእርሾ ገንቦዬንም እንዲሁ አጥበህብኝ ከጎረቤት ለመንኩ።»

ወንድሙ ይህን ሲሰማ ወደ ክምሩ ሮጠ። ከሥር ያሉት ድንጋዮች አልታጠቡም ነበር። ዝልግልጉ እንደ እርሾ እንዲዛመት እነሱን ከታጠቡት ጋር ስናሰባጥር ዋልን።

ዝልግልጉ በታጠቡት ላይ መያዙ የሚታወቀው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እኔ ደግሞ ምናልባት ነገ እሄዳለሁ። ልቤ አላርፍ ብሏል። ቀበና ወንዝ ዳር ስናድግ ከእንዲህ ያለ ዝልግልግ ስንሸሽ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን ጎንበስ ብዬ ድንጋዮቹን ዳሰስኩ። ገና ሻካራ ናቸው። አቶ ኤርጎ ከኋላዬ ቆመው «ያዘ እንዴ?» ይሉኛል።

ባለቤትህን ያለምወርቅንና ልጆቹን ሳምልኝ። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ።

ወርቅነህ